የመምህር ይርጋ ደሴት

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ ሰው ዝም ነው የሚለው። ዋላሂ እውነቴን ነው። አሁን እናንተ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ መንግሥትን ስታነሱ ስትጥሉ እሰማለሁ፣ እና እኔ ዛሬም ድረስ ዞር ብዬ ማን ሰማ ብዬ አያለሁ። ሚስቴ ሙሚና፣ አላህ ይዘንላትና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ደርግ እኮ ከሄደ ቆየ" ትለኝ ነበር። ሄዷል። አንገቴ ግን መሄዱን አልሰማም።

ታዲያ ሐዊ፣ የልጄ ልጅ፣ የመምህር ይርጋን ነገር ንገረን አልሽኝ። ስሙን ከማን ሰማሽው? ከአያትሽ? እሺ። ጻፊ እንግዲህ። እንዳወራሁት ጻፊው፣ አታሳምሪው።

እኔ ያን ጊዜ እዚሁ ሮቤ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አንዲት የስፌት መኪና፣ አንድ አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ የሊቀመንበሩ ፎቶ። ፎቶው የግድ ነው፤ እሱ የሌለው ሱቅ ነገር ይመጣበታል። ከሱቁ ጀርባ ግቢያችን ነው፣ እና ግቢው ውስጥ አንዲት ትርፍ ክፍል ነበረችን፣ እሷን ለመምህር ይርጋ አከራየነው። ከጎጃም ነው የመጣው። ቀጭን፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ብርድ የማይችል ሰው። "ኦቦ ከዲር፣ እዚህ አገር ፀሐይዋም ብርድ ይዟት ነው እንዴ የምትወጣው?" ይለኛል። እኔ ደግሞ "ገና የዲንሾን ብርድ መች አየህና" እለዋለሁ። ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረው።

እኔ ያማርኛ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ቁርኣን ቀርቻለሁ፣ ያንን አውቃለሁ፣ ያማርኛውን ግን አላውቅም። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ፣ ሚስት ያለኝ ሰው ከሕፃን ጋር ተቀምጬ ሀሁ ልበል እንዴ ብዬ አፍሬ ቀረሁ። ታዲያ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቄ ይገባና፣ ጨርቅ የማሰምርበትን ጠመኔ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ይጽፍልኛል፣ እኔም መኪናዬን እየረገጥኩ አያለሁ፣ "ይቺ ማናት?" ይለኛል፣ "መ ናት" እለዋለሁ፣ "እጇን ብትዘረጋስ?" ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱ ሳይወጣ ጋዜጣ አነበብኩ። ጋዜጣው ምን አለበት አትበሉኝ፤ ያው አንድ ነገር ነው። ግን አነበብኩ! ያን ቀን ሙሚናን ጠርቼ ጮክ ብዬ ሳነብላት አለቀሰች። "ከትራክተርና ከጓድ ሌላ ያነበብክልኝ የለም፣ ግን ደስ ይላል" አለች። እንዲህ ነበረች ሙሚና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይወርዳል፣ እሱም ከስብሰባ መጣና አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ አለ።

"ምን ሆንክ መምህር?" አልኩት።

"የማስተምረው አገር አለቀብኝ" አለኝ። "ይህችን አገር አታንሳ፣ ጠላት ናት ይሉኛል። ያችን ስታነሳ አወድስ ይሉኛል። አምና ወዳጅ የነበረችው ዘንድሮ ጠላት ሆናለች፣ እና ደብተር ላይ ያስጻፍኩትን አስፍቅ አሉኝ። ኦቦ ከዲር፣ እኔ ማንም የማይቆጣባት አንዲት አገር እሠራለሁ።"

"እንዴት አድርገህ?"

"ወረቀት ስጠኝ።"

ልብስ ለመቁረጥ ልክ የማወጣበት ቡናማ ወረቀት ነበረኝ፣ ቀደድ አድርጌ ሰጠሁት፣ እና የሆነ እንደ ድንች ጎበጥባጣ ነገር ሣለ።

"ደሴት ናት" አለኝ።

"ደሴት ምንድን ነው?"

"ዙሪያዋን ባሕር የከበባት መሬት።"

እኔ ባሕር የት አውቃለሁ! እንግዲህ ገሰራና ጎባ ነው የማውቀው። "ባሕሩ ምን ያክላል?" አልኩት። ቆይ፣ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። "ሳነቴ አምባ ላይ ጉም ሲተኛ አይተሃል? ዳርቻው ሲጠፋብህ? ልክ እንደዚያ ነው፣ ግን ይተነፍሳል" አለኝ። ያ ረቢ! ዛሬም በዚያ መንገድ ሳልፍ እሱን ሳላስብ አላልፍም።

ስሟን ዙማራ አላት። ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲያ እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ያወራል፣ ያወራውን ደግሞ ደብተር ላይ ይጽፋል። ዙማራ ድሮ ዓሣ አጥማጆች ናቸው የሚኖሩባት፣ ንጉሥ የላቸውም፣ በየስምንት ዓመቱ ተራ እየገቡ ነው የሚመሩት። "ይኼማ ገዳ ነው!" አልኩት። "አዎ፣ ከእናንተ ነው የሰረቅሁት" አለኝ እየሳቀ።

ከዚያ አንድ ሰው ተነሣ። ይህ ሰው ሥራው ምንድን ነው፣ በደሴቷ ጫፍ ማማ ላይ ሆኖ ለመርከብ መብራት ማብራት ነው። ሌላ ሥራ የለውም። አንድ ቀን ባሕሩ ተናወጠ፣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ውሃ ላይ ነው፣ እና ይህ ሰው መብራቱን ድርግም አደረገው። ሽማግሌዎቹ ሮጠው መጡ፣ "ኧረ አብራልን፣ ልጆቻችን ባሕር ላይ ናቸው!" አሉት። "የምታነግሡኝ ከሆነ" አላቸው። ምን ያድርጉ? ልጆቻቸው ናቸው። አነገሡት። እንግዲህ እንዲያ ነው የተጀመረው።

ሲነግሥ ስሙን የብርሃን አባት አስባለ። ሳያስፈቅዱ ወደ ባሕር ማየት ክልክል ሆነ፤ ወደ ባሕር የሚያይ መስኮት ሁሉ በሳንቃ ተመታ። ባሕሩ በቀን በቀን ከፍ ይላል ዝቅ ይላል፣ በራሱ ነው፣ አላህ ሲፈጥረው እንደዚያ ነው፤ ሰውዬው ግን ጠዋት ጠዋት "ዛሬ ባሕሩ በአራት ሰዓት እንዲወጣ አዝዘናል!" ብሎ በአዋጅ ያስነግራል። መምህር ይርጋ ይህንን ሲል እንደ ሬዲዮው ድምፁን ወፈር አድርጎ ነው፣ እኔ በሳቅ መኪናዬ ላይ እደፋለሁ። "አንድ ቀን ባሕሩ ቢዘገይስ?" አልኩት። "ዘግይቷል እኮ" አለኝ፣ "የከተማውን ሰዓት የሚሞላውን ሰውዬ አሰሩት።"

እና አንድ ቀን እኔ ራሴ፣ እኔ በዚህ አፌ፣ "መምህር፣ ያንተ ንጉሥ ስለ ልብስ አዋጅ የለውም እንዴ?" አልኩት።

"የለውም። ምን ይበል?"

የሰው ኮት እየሰፋሁ ነበር። "ገበር ያለው ልብስ ይከልክል" አልኩት። ገበር ታውቃላችሁ አይደል? የኮቱ የውስጥ ጨርቅ። "በላዩና በገበሩ መሀል ሰው ሐሳብ ሊደብቅበት ይችላል በል። ልብስ ሁሉ አንድ ነጠላ ጨርቅ ይሁን፣ ልብስ ሰፊም ሁሉ ገበር አልሰፋሁም ብሎ ይማል በል።"

መምህር ይርጋ ሳቀ። ምን መሳቅ ብቻ፣ ከአግዳሚው ወረደ፣ መሬት ቁጭ አለ፣ እንባው ወረደ። "ኦቦ ከዲር፣ አንተ እኮ ከእኔ ትብሳለህ!" አለኝና ጻፈው። እኔም ኩራት ተሰማኝ። ተናግሬ ሲጻፍልኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሙሚና ከጓሮ ብቅ አለች። "ሳቃችሁ መንገድ ድረስ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ሰው እንዲህ ይስቃል?" አለች። አልሰማናትም።

ታዲያ አሰሳ መጣ። አንድ ጠዋት ቀበሌው በሙሉ ተከበበ፣ ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ቤት ለቤት ገቡ። የሚፈልጉት መሣሪያና ወረቀት ነው። የይርጋን ክፍል ሲበረብሩ ደብተሯን ከሣጥኑ አወጧት። እኔ ግቢው መሀል ቆሜ ነው የማየው። ካርታው፣ ያ በቡናማው ወረቀት የተሣለው፣ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ሥር ነበር፣ እና ሙሚና እንዴት እንዳሰበችው አላውቅም፣ ወረቀቱን ከጨርቁ ጋር ጠቅልላ ወጣች፣ ምድጃው ውስጥ ከተተችው፣ ድስቷን ላዩ ላይ ጣደች። ሱቁ ጋ ሲደርሱ አመድ ነው። እኔ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብዬ የማወራችሁ በሷ ነው።

እሱን ወሰዱት። በማግስቱ የቀበሌው ሰው በሙሉ አዳራሽ ግባ ተባለ። አንድ ካድሬ ነበር፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ስሙ ይቅር፤ እሱ ደብተሯን ይዞ ተነሣ። ይርጋን አጠገቡ አቁሞታል። አንዱ ዓይኑ አብጧል።

"ይህች ደሴት የት ነው ያለችው?" አለው።

"የለችም ጓድ። ፈጠራ ናት።"

"የሌለች አገር እንዴት ታሪክ ይኖራታል?"

"ለዚያ ነው ፈጠራ የሆነችው ጓድ።"

"ዝም በል! መሪዋ ማን ነው?"

"መብራት አብሪ ነው ጓድ።"

ካድሬው ወደ እኛ ዞረ። "እስቲ ሕዝቡ ይመስክር! ይህ ሰው ማንን ነው የሚመስለው? ማንን ለመስደብ ነው የተጻፈው?" አለ።

እና ማን ይመልስ! ይህን ይመስላል ያለ ሰው እኮ ራሱ ሰደበ ማለት ነው። ኋላ ከጥግ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና፣ "ጓድ፣ እኛ የባሌ ሰዎች ባሕር አይተን አናውቅም፣ እዚያ ያለውን ሰው በምን እናውቀዋለን?" አሉት። ሰው ሳቁን በጋቢ አፈነ። ካድሬው ፊቱ ጠቆረ።

ከዚያ ገጽ ገለጠ። "ይኼ ስለ ገበር የሚለው" አለ። "ይህ የመምህር ቃል አይደለም። ይህ የልብስ ሰፊ ቃል ነው። ከዲር የሚባለው የታል? ተከራይህ አይደለም? ተነሥ!"

ተነሣሁ። ሙሚና ያን ጊዜ አባትሽን አርግዛለች፣ ሐዊ። ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ታየኛለች።

"ይህን ያልከው አንተ ነህ?" አለኝ።

ይርጋ ቀደመኝ። "እኔ ነኝ ጓድ። ኮቴ ገበሩ ተቀዶ አየሁት፣ ከዚያ መጣልኝ" አለና የለበሰውን ኮት ገልጦ አሳየው። እውነትም ተቀዷል፤ ልሰፋለት ቀጥሬው ነበር።

ካድሬው አልተወኝም። "አንተን ነው የጠየቅሁት። ደብተሩን አንብበሃል አላነበብክም?"

እኔ ምን አልኩ? እንዲህ አልኩ። "ጓድ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ማንበብ አላውቅም።"

ደብተሯን ፊቴ ላይ ዘረጋት። "እስቲ ይኼ ምን ይላል?"

ቃሉ ፊቴ ላይ ቁጭ ብሏል። ገ፣ በ፣ ር። በጠመኔ ያስተማረኝ ሰው ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሟል። እኔ እንደ ፍየል አፈጠጥኩበት፣ እና "አላውቀውም" አልኩ።

ታዲያ ያን ጊዜ ይርጋ ምን አለ መሰላችሁ? ሳቅ ብሎ፣ ባበጠ ፊቱ ሳቅ ብሎ፣ "እውነቱን ነው ጓድ። ስንት ጊዜ ላስተምረው ሞክሬ ጭንቅላቱ እንቢ አለ። ይህ ሰው ድንጋይ ነው" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ካድሬው ራሱ ሳቀ። "ተቀመጥ አንተ ድንጋይ" አለኝ። ተቀመጥኩ።

ቆይ ውሃ ስጪኝ።

ወደ ጎባ ወሰዱት። ሰው የሚያጉሩበት ግቢ ነበር፣ የቱ ጋ እንደሆነ ተዉት። ስንቅ የምታመላልስለት ሙሚና ናት፣ በዚያ ሆዷ፣ በጭነት መኪና ተሳፍራ። እኔ አልሄድኩም። ፈራሁ። ባዶውን ሳህን ይዛ ስትመለስ እቀበላታለሁ፣ "በልቷል" ትለኛለች፣ እኔም አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ አለቀ። የኔ ድርሻ ይኼ ነበር።

ወራት ካለፉ በኋላ እናቱ መጡ። እማማ ዘውዴ ይባላሉ። አውቶብስ እየቀያየሩ ስንት ቀን ተጉዘው፣ አንድ ስልቻ በሶ ተሸክመው፣ "የይርጋ ቤት እዚህ ነው?" ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ሙሚና አቅፋ አስገባቻቸው። ከጎረቤት የክርስቲያን ድስት ተውሳ አመጣችላቸው፣ እና እሳቸው እስኪሄዱ እኛም ቤት ሥጋ አልተበላም፤ "እሳቸው የማይበሉትን እንዴት ፊታቸው እንበላለን" አለች። በልጃቸው ክፍል፣ በልጃቸው አልጋ ተኙ። ሰው እንዲያዩ አይፈቀድም፤ ጎባ እየሄዱ ስንቁን በር ላይ ሰጥተው ባዶውን ዕቃ ተቀብለው ይመጣሉ። "ሙልጭ አድርጎ በላ፣ ቆሎውንም አልተወ" ይሉናል ደስ ብሏቸው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ተመለሱ፣ ሳህኑ እንደታሰረ ነው። ፊታቸው ግን ፈካ ብሏል። ሱቄ ገቡና አግዳሚው ላይ፣ እሱ የሚቀመጥባት ላይ ተቀመጡ።

"ዛሬስ አልተቀበሉኝም" አሉኝ። "ዘበኛው 'እናቴ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡለት፣ አያስፈልገውም' አለኝ። ልጁም ደግ ነው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዲር ልጄ፣ ሊፈቱት ነው መሰል። ነው አይደል?"

ያን ጊዜ ያንን ቃል የማያውቅ ሰው አልነበረም። እሳቸው ከሩቅ አገር መጥተው አላወቁም። ሙሚና በሩ ላይ ቆማ ሰማችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ መኪናዬን አቆምኩ።

"እማማ" አልኳቸው። "እማማ" ብቻ። አዩኝ። አዩኝ፣ ሙሚናን ደግሞ አዩ፣ እና ገባቸው። እየዬ ማለት ክልክል ነው፣ ለፀረ አብዮት አይለቀስም። የሰው ብርድ ልብስ ለጥገና መጥቶ ነበር፣ ሙሚና እሱን አንሥታ በራሷና በእማማ ላይ ጣለችው፣ እና እዚያ ሥር ሆነው አለቀሱ፣ እኔ ደግሞ ድምፃቸው እንዳይሰማ መኪናዬን እረግጣለሁ፣ ክር የለውም ጨርቅ የለውም፣ ዝም ብዬ እረግጣለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሊሄዱ ሲሉ፣ "ልጄን በምን ገደሉት? ምን ጽፎ ነው?" አሉኝ። እኔም አልቻልኩም። ነገርኳቸው። "ደሴቷን እሱ ነው የጻፋት፣ የገበሩን ነገር ግን እኔ ነኝ ያልኩት። ሲጠይቁኝ አላነበብኩም አልኩ። ያስተማረኝን ካድኩ። እሱ ወሰደልኝ" አልኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል እጄን ያዙኝ።

ከዚያ "ሳቀ?" አሉኝ።

"ምን አሉኝ እማማ?"

"ያንን ስትነግረው፣ ልጄ ሳቀ?"

"ሳቀ እማማ። ከአግዳሚው እስኪወርድ ነው የሳቀው።"

"አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም" አሉ። "በል ንገረኝ። ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። ዓሣ አጥማጆቹን፣ መብራቱን፣ መስኮቶቹን፣ ያን ሰዓት የሚሞላውን ሰውዬ። ድምፁን እንዴት ያወፍር እንደነበር ሳስመስልላቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ፣ እየሳቁ እንባቸው ይወርዳል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ያ መብራቱን ያጠፋ ሰው እናት አልነበረችውም?"

"አልጻፈውም እማማ" አልኳቸው።

"መጻፍ ነበረበት" አሉ።

በማግስቱ አውቶብስ ላይ አሳፈርናቸው። ሙሚናን ሳሟት፣ ሆዷን በእጃቸው ነክተው "በሰላም ያገላግልሽ" አሏት። እኔን ጨበጡኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፣ ይቅር አልልህም አላሉም። ከዚያ ወዲያ ስንት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፣ በዚያው ፊደል፤ መልስ አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ ጎባ ሄጄ የት እንደቀበሩት ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

[እዚህ ላይ ሐዊ "አባባ፣ ብትናገር እኮ አንተንም ይገድሉህ ነበር። አባቴም አባቱን ሳያይ ይወለድ ነበር" አለቻቸው።]

ኤዬ፣ ልክ ነሽ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ፣ ኢማሙም እንደዚያው ነው ያሉኝ። ሁለት ሰው ከሚሞት አንድ ይሻላል። እኔም አልክድም፣ ይሻላል። ግን ልጄ፣ ያንን ማለት የሚችለው የሚሞተው ሰው ነበር። እሱ እንደዚያ ሲል አልሰማሁም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በልቤ ያልኩት እኔ ነኝ።